አልጋ ላይ የተዘረጋው ሸሚዝ

ሰው ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ ጫማውን ከሥሩ አስቀምጦ፣ ራሱ የሌለበትን ፎቶ የሚልከው ምን ቢሆን ነው?

እማማ ትርንጎ ፖስታውን ከከፈቱ ጀምሮ ይህችን ጥያቄ እያገላበጡ ዋሉ። አንድ መልስ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል። እሱን ላለማስገባት ሌላ መልስ ፈለጉ፤ አጡ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። የብረት አልጋና የበር ጥግ ይታያሉ፤ ብርድ ልብሱ ከጥግ እስከ ጥግ ተወጥሯል። በላዩ ሸሚዝ ተዘርግቷል፣ ኮሌታው ተቆልፎ፣ እጅጌዎቹ ወደ ታች ተስተካክለው። ከሸሚዙ ሥር ሱሪ፣ በሱሪው ወገብ ላይ ቀበቶ፣ ከግራው እጅጌ ጫፍ የእጅ አንጓ በሚሆንበት ቦታ ሰዓት። ከአልጋው በታች ክሩ የታሰረ ጥንድ ጫማ። ሁሉም ነገር በየቦታው አለ። ሰውየው ብቻ የለም።

ሸሚዙን አወቁት። የልጅ ልጃቸው ሮማን በቀበሌው የሴቶች ማኅበር የስፌት መኪና ላይ፣ ሰው ሁሉ እስኪወጣላት ጠብቃ የሰፋችው ነው። የደረት ኪሱ ክዳን አለው። ፎቶ አንሺው ጀይላን ወደ ውትድርና ሲሄድ በጋዜጣ ጠቅልላ የሰጠችው እሱን ነበር።

ጀርባውን ገለበጡት። ምንም አልተጻፈበትም።

ፖስታውን ያመጣው ታከለ ነው፤ አሥመራና አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የሰፈሩ ልጅ። ከዚህ በፊት የመጡትንም ፎቶዎች ሁሉ ያመጣ እሱ ነበር። የዛሬውን ሲሰጣቸው ግን፣ “ልጁን አላገኘሁትም እማማ። ጓደኛው ነው ያቀበለኝ። ‘ለቤቷ አድርስ’ ብቻ ነው ያለው” ብሎ በወታደር የሚታጀበው የመኪኖች ኮንቮይ ጥሎት እንዳይሄድ ሮጠ። ጓደኛው! ሰው እጅ እያለው በጓደኛው እጅ ይልካል እንዴ?

የሮማን አባት፣ የእማማ ትርንጎ አንድ ልጅ፣ በንጉሡ ዘመን ኦጋዴን ወርዶ የቀረ ጊዜ አስከሬን አልመጣም። የመጣው መርዶ ነው። ያን ዕለት በዚህችው ቤት፣ በዚህችው አልጋ ላይ ኮቱን ዘረጉለት፤ ሱሪውን ከኮቱ በታች፣ ጫማውን ከአልጋው ሥር። አልቃሿ ኮቱን በስሙ እየጠራች ስታስለቅስ ዋለች። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀሳል፤ አገር ያውቀዋል። ሮማን ያኔ ገና ቁመቷ ለአልጋው የማይደርስ ሕፃን ነበረች። የኮቱን እጅጌ ይዛ አልለቅም አለች። ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ልብሱ ሊነሳ ሲል እንኳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር የፈለቀቁባት።

አሁን ደግሞ ሌላ እጅጌ ሊያስይዟት ነው? “አላደርገውም” አሉ እማማ ትርንጎ፣ ብቻቸውን። ሣጥናቸውን ከፈቱ። ለመቀበሪያቸው ብለው ያስቀመጧትን ነጠላ አንስተው ፎቶውን በእጥፋቷ መሐል አስገቡ። ክዳኑን ሲዘጉት የሞተ ሰው ዓይን የከደኑ መሰላቸው።

*

ጀይላን ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ፣ አጎቱ ፎቶ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ከወንዙ ማዶ የእርሻ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ንግግሩ አጭር። እማማ ትርንጎ መጀመሪያ ያወቁት ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ሮማንን አስከትለው የሄዱ ዕለት ነበር። ገብተው ቢያዩ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት ደርድሯል፤ ትልቁ ከዚህ፣ ትንሹ ከዚያ፣ ጥላቸው በአንድ ወገን ተጋድሞ። ካሜራውን ደግኖ ትንፋሹን ይዟል።

“ዘንድሮ ሽንኩርትም መታወቂያ ያወጣል እንዴ?” አሉት።

“ያለ መታወቂያ ከኬላ ማን ያሳልፈዋል እማማ?” አላቸው፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።

ሮማን ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ዞር ያለው። ሲዞር የቀረው ነገር ሁሉ ከእጁ የጠፋበት መሰለ፤ መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ እንደገና አበራ። የእማማ ትርንጎ መታወቂያ ላይ ዛሬም ዓይናቸው ወደ ጎን የሸሸው ለዚህ ነው። ካሜራውን ትተው የሁለቱን መተያየት ሲያዩ ነው የተነሱት።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነበር። ከሰሜን የወረደ ሕዝብ በየመንገዱ ዳር ተኝቷል፤ ድምፅ ማጉያው ጠዋት ማታ ይጮኻል፤ ስብሰባው አያልቅም፤ በየቤቱ ወጣት የሆነ ሁሉ ስሙ መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። ጀይላን በዚያ ሁሉ መሐል ማበጠሪያ፣ የመኪና ብሎን፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የተቀደደ የአውቶቡስ ትኬት እየደረደረ ያነሳል። ከተሜው ይስቅበታል። ሮማን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠይቃው ኖሮ የመለሰላትን ለአያቷ ነገረቻቸው፤ “‘ዓለሙን ማስተካከል አልችልም፣ አንድ ጠረጴዛ ግን እችላለሁ’ አለኝ።”

“ጠረጴዛ አስተካክሎ ቤት የሠራ የለም” አሏት እማማ ትርንጎ።

የፈሩት ድህነቱን አልነበረም። እሱ ጁምዓን በመስጊድ የሚውል፣ እሷ አንገቷ ላይ ማዕተብ ያሰረች ናት። በይፋት ቆላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ይገበያያል፤ በሬ ይዋዋሳል፤ በለቅሶ በሰርግ ይደራረሳል፤ የሚበላው እንኳ ለየብቻ በክብር ይዘጋጅለታል። ልጅ መስጠት ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በየደጁ ይቆማል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ አውርተው አያውቁም ማለት ይቻላል። እሷ ከስፌት ስትመለስ በፎቶ ቤቱ በር ታልፋለች፤ እሱ በር ላይ ይቆማል፤ በቃ። እማማ ትርንጎ ግን ከመተያየት የሚረዝም ንግግር እንደሌለ ከሮማን ዕድሜ በላይ ያውቃሉ።

ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠራ። ተሳፍሮ ሄደ። ሠራዊቱ ፎቶ ማንሳት ማወቁን ሲረዳ አሥመራ ላይ የወታደር መታወቂያ አንሺ አደረገው። በተረፈችው ፊልም ደግሞ ከተማውን ያነሳና ለሮማን ይልካል። ደብዳቤ የለውም፤ ደብዳቤ ብዙ እጅ ይከፍተዋል። ከሚከፍቱትም አንዷ እማማ ትርንጎ መሆናቸው ይታወቃል።

የሚልካቸው ሰው የሌለባቸው ፎቶዎች ናቸው። የተዘጉ መስኮቶች በተርታ። በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተገለበጡ ወንበሮች። ግድግዳ የተደገፈች ብስክሌት ከነጥላዋ። ዘንባባ፣ ዘንባባ፣ ዘንባባ፣ እስከ መንገዱ መጨረሻ። ጦርነት የከበበውን ከተማ እንደ ሽንኩርቶቹ ነው የደረደረው።

ሮማን እያንዳንዱን ስትቀበል ፊቷ ይበራና ወዲያው፣ “ገና ነው” ትላለች። ምኑ ነው ገና? አትናገርም። አንድ እሑድ እማማ ትርንጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፎቶዎቹን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግታ አገኟት። መንገዱን ከመንገድ፣ ግንቡን ከግንብ አጋጥማ አንድ ከተማ ሠርታለች። ጣቷ በጎዳናው ላይ ይሄዳል።

“በዚህ ትነሺና በዘንባባዎቹ ሥር ታልፊያለሽ፣ ከዚያ በብስክሌቷ በኩል ትዞሪያለሽ” አለች፣ ቀና ሳትል።

“የት ለመድረስ?”

“የትም። መሄዱን ነው።”

እማማ ትርንጎ ጫማቸውን አውልቀው ከተማውን እንዳይረግጡ በግድግዳው ጥግ አለፉ። ሰው የሌለበት ከተማ ውስጥ የሚንከራተት ልጅ ማየት ከባድ ነው።

*

የልብሱ ፎቶ ከመጣ በኋላ ገበያ ወጥተው ከጀይላን እናት ጋር ተገናኙ። ናፊሳ ማሾዋን በቁና እየሰፈረች ነበር። ገና ከሩቅ ስታያቸው ፊቷ በራ።

“እንዴት ከረሙ እትዬ ትርንጎ? ሮማንስ ደህና ናት?”

ደህና ናት አሉ። ናፊሳ የልጇን ክፍል በአዲስ ጭቃ እንዳስመረገች፣ ጣሪያውን እንዳስከደነች፣ ዘንድሮ ሳይመጣ እንደማይቀር ልቧ እንደነገራት አጫወተቻቸው። አላህ ካለ አለች። እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን ማሾው ላይ ጣሉ። መርዶ በገበያ አይነገርም። በጠራራ ፀሐይም፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ከደጁ ሳይርቅ ነው። ደግሞስ መንግሥት የወሰደውን መንግሥት ይንገር፤ እሳቸው ማን ናቸው?

“ለእሷ የላከው የለም በሰሞኑ?” አለች ናፊሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እንደ ሴትና ሴት ነው የጠየቀቻቸው፤ የምታውቀውን እንደምታውቅ፣ እንደማትቆጣም ልታሳውቃቸው።

“የለም” አሉ እማማ ትርንጎ።

ናፊሳ ቁናውን ከሞላች በኋላ በሁለት እጇ ምርቃት ጨመረችላቸው፤ ደግማ ጨመረችላቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ምርቃቱ ከገዙት በላይ ከበዳቸው።

*

ሮማን መኪና ባለፈ ቁጥር መርፌዋን ታቆማለች። እማማ ትርንጎ ያያሉ። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው። የሞተባት ከምትሆን የከዳት ትሁን። የከዳን ሰው ተራግመው ይረሱታል። የሞተን ሰው ግን ማን ይረግመዋል? ዕድሜ ልክ ይዘውት ይኖራሉ እንጂ።

ስለዚህ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሮማን አጥሩ ሥር ቆማ መንገዱን ስታይ፣ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ።

“አሥመራ ትልቅ ከተማ ነው ልጄ” አሏት። “የከተማ ሰው ዓይኑ ብዙ ነገር ላይ ያርፋል።”

“የሱ ዓይን አያርፍም። ይመርጣል።”

“እንግዲያማ መርጦ ይሆናላ።”

ሮማን ዞር ብላ አየቻቸው። ክፉ ነገር ከአያቷ አፍ ሰምታ ስለማታውቅ፣ እውነት ይሆናል ብላ ተቀበለችው። እማማ ትርንጎ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ አዩ፤ እንደ እነዚያ መስኮቶች። የዳነች መስሏቸው ተመስገን አሉ። ለምን ታዲያ እንባቸው መጣ?

ከዚያ ወዲያ ሰይፉ ሽማግሌ ሲልክ አልተቃወመችም። ሰይፉ የመንግሥት እርሻው የግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ጠጪ አይደለም፣ ቁጡ አይደለም፣ ዕድሜው ትንሽ ሄድ ያለ፣ ማዕተብ ያለው ሰው። “እንደ ፈለግሽ” አለች ሮማን። ይህችን ቃል ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

በማግሥቱ ከተማዋን ሰበሰበች። መንገዶቹን፣ መስኮቶቹን፣ ዘንባባዎቹን አንድ ላይ አድርጋ በስፌት ክር አሰረችና ታከለ ሲያልፍ ጠብቃ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮቱ አቀበለችው። “ለባለቤቱ” አለችው። ታከለ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከኋላው ያለው የኮንቮይ መኪና ጥሩምባውን ነፋበት፤ ሄደ። እማማ ትርንጎ ከበሩ ሥር ሆነው ይህን ሁሉ አዩ። ለማን ነው የሚያደርሰው? ለሞተ ሰው ከተማ ይመለስለታል? ወጥተው ሊጠሩት አሰቡ፤ አልወጡም። አቧራው እስኪረጋ እዚያው ቆሙ።

*

ቃል የሚሰጥበት እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን በር ላይ ደርድረው ገቡ። ሮማን ሰይፉ የላከላትን የሐር ቀሚስና ነጭ ጫማ አድርጋ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠች። ለቤቱ የሚናገሩት ጎረቤታቸው አቶ ግርማ ነበሩ። ሰውየው ነገር ማሳመር ይወዳሉ፤ ከአዳም ጀምረው፣ በኖኅ በኩል አልፈው፣ ሁሉ ሰው መቁነጥነጥ ሲጀምር፣ “ሰጥተናል” አሉ።

ጭብጨባው ገና አልበረደም። እማማ ትርንጎ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዘው ጎንበስ ብለው ሲቀዱ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ነው። ክሩ የታሰረ፣ የተወለወለ። ከጫማው በላይ ሱሪውን። ቀበቶውን። ከግራው እጅጌ ጫፍ ሰዓቱን። ክዳን ያለውን የደረት ኪስ። ከዚያ በላይ ለማየት ፈሩ። ቀና ቢሉ ባዶ ሊሆን በሚገባው ኮሌታ ላይ ፊት አለ።

ፊቱ ከስቷል፣ ጠቁሯል። የጀይላን ፊት ነው።

ጠላው ከብርጭቆው አልፎ በሽማግሌው ነጠላ ላይ ፈሰሰ።

“ፎቶ አንሺም ጠርታችኋል እንዴ?” አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ። “በደህና ሰዓት ደረሰልን። ግርማን ከኖኅ ጋር አብረህ አንሳልን።”

ቤቱ ሳቀ። ጀይላን ከዘራዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹን አየ፤ መጋረጃውን አየ። ገባው።

“እንኳን ደስ ያላችሁ” አለ፣ እጅ ነስቶ። “አልቀመጥም፤ ውኃ ብቻ ካለ።” ወደ ኋላ ተመልሶ ከቤቱ ጎን፣ የውኃ በርሜሉ ወዳለበት ዞረ።

በጓዳው በር የወጣችው ሮማን ናት። እማማ ትርንጎ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ተከትለዋት ደፉ ላይ ቀሩ።

ሮማን በጣሳ ውኃ ቀዳችለት። እጃቸው አልተነካካም። ጠጥቶ ከብብቱ በስፌት ክር የታሰረውን ጥቅል አወጣ።

“ከተማሽን ይዤልሽ መጣሁ” አላት። “ለምን እንደ መለስሽው ልጠይቅ ብዬ እንጂ ላስቸግርሽ አይደለም።”

“ዝም አልከኝ።”

“ዝም አላልኩም። ልብሴን ልኬልሻለሁ።”

“የቱን ልብስ?”

“ይህን።” ደረቱን በጣቱ ነካ። “የሲቪል ልብሴን ከመጋዘን በመለሱልኝ ቀን አልጋ ላይ ደርድሬ አነሳዋለሁ፣ ያንን ያየሽ ቀን ልመጣ ነው ብለሽ ጠብቂኝ ብዬ ስሄድ አልነገርኩሽም? መለሱልኝ። አነሳሁት። ዘብ ነበርኩና ጓደኛዬ ለታከለ አቀበለልኝ። ከዚያ መልቀቂያው ዘገየ። ታዲያ ከእሱ በኋላ ምን ልልክልሽ ነው? የመጨረሻው እሱ ነበር።”

“አልመጣም” አለች ሮማን። “ከሁሉም የጠበቅኩት እሱን ነው። አልመጣም።”

“ታከለ ለእማማ በእጃቸው ሰጠሁ ነው ያለኝ።”

ሮማን ቀስ ብላ ወደ ጓዳው በር ዞረች። እማማ ትርንጎ ያን ዓይን መሸሽ አልቻሉም። ልጅ ሳለች ጣቶቿን ከእጅጌው ላይ ሲፈለቅቁባት ያየቻቸው ዓይን ነው።

“ሞተሃል ብዬ ነው” አሉት ለእሱ፤ ለእሷ መናገር አልሆነላቸውም። “የአባቷን ልብስ እንዲህ ነው የዘረጋነው። እንዲሁ። ጫማውም ከሥሩ። ምን ብዬ ልንገራት?”

ጀይላን ወደ እሳቸው ዞረ። ቁጣ የለበትም፤ ሐዘን ነው ያለበት።

“እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ልብስ አይዘረጋም እማማ” አለ። “ለድሃ ይሰጣል። የተዘረጋ ልብስ ሊለበስ ነው።”

“ሞቷል ብለሽ ነው እንግዲህ፣ ከድቷል ያልሽኝ” አለች ሮማን።

“ስታለቅሺ እንዳላይሽ ፈርቼ።”

“ሰደብኩት እኮ።” አሁን እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። “የስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ፣ በእያንዳንዱ ስፌት ሰደብኩት። ሞቷል ብለሽ የምታምኚውን ሰው አሰደብሽኝ።”

ይህን እማማ ትርንጎ አስበውት አያውቁም ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንዲት ጊዜም አላሰቡትም። ከቤት ውስጥ የሳቅ ድምፅ መጣ።

“ቃል ወጥቷል?” አላት ጀይላን።

“ወጥቷል።”

ራሱን ነቀነቀ። “ዛሬ እናቴ ጋ ነኝ። ነገ ናዝሬት እወርዳለሁ፤ አንድ ፎቶ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ብለውኛል።” ወደ አጥሩ አየ፤ መልሶ አያት። “ነይ አልልሽም ሮማን። ብልሽ በሁለት ቤት ለቅሶ ነው። ቅሪም አልልሽም። ያን ቃል ከእኔ አፍ አታገኚውም።”

ጥቅሉን በበርሜሉ ክዳን ላይ አኖረ። ባዶውን ጣሳ ከአጠገቡ አስቀመጠ፤ ተመልሶ አየው፤ ወደ ጥቅሉ ትንሽ ጠጋ አደረገው፤ አስተካከለው። ከዚያ ሄደ። ሮማን ከኋላው አልተጣራችም። ሁለቱን ዕቃዎች እያየች ቆመች፣ እነሱን ትታ ቀና ብትል የቀረው ነገር እንደሚበታተንባት ሁሉ።

*

“አምጪው” አለች ሮማን።

እማማ ትርንጎ ሣጥናቸውን ከፍተው ከመቀበሪያ ነጠላቸው እጥፋት ውስጥ ፎቶውን አወጡ። ሮማን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ረዥም ጊዜ አየችው። ሸሚዙን የምታይ መስሏቸው ነበር።

“የጫማው አፍንጫ ወደ በሩ ነው” አለች።

“እ?”

“የአባቴ ጫማ ወደ ግድግዳው ነበር። እኔ ከአልጋው ሥር ሆኜ አየዋለሁ። እናንተ ከላይ ኮቱን ታያላችሁ።” ፎቶውን ወደ አያቷ ዘረጋችው። “ይኸው፣ ወደ በሩ። ሊወጣ ነው እኮ እማዬ። ሰው ሊመጣ ሲነሳ ነው።”

እማማ ትርንጎ መነጽር የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ያኔ አያዩም ነበር። እውነትም ከአልጋው በታች ያለውን ጫማ ማን አስተዋለው? መልስ ሊሰጧት አፋቸውን ሲከፍቱ ከሳሎን የአቶ ግርማ ድምፅ መጣ፤ “ትርንጎ! ኧረ ጉሮሯችን ደረቀ!”

ሮማንን ትተው ወጡ። ምን ያድርጉ? ቃል የተሰጣቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ፊታቸውን በነጠላ ጫፍ ጠርገው፣ ፈገግ ብለው፣ እየዞሩ ቀዱ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሰርጉ ወር ይከራከራሉ። አንዱ ከጥምቀት በኋላ ይላሉ፤ ሌላው ከማሾው አጨዳ በፊት አይሆንም ይላሉ። እማማ ትርንጎ ለሁለቱም እሺ አሉ። ጆሯቸው መጋረጃው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ነገር የለም፤ ልቅሶ እንኳ የለም። ልቅሶው በሆነ ምን ነበረበት አሉ በልባቸው። ምነው አልቅሳ ቤቱን ባናወጠችው።

መጋረጃው ተገለጠ።

ሮማን የሥራ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ደረቱ ላይ የክር ቁራጭ ተጣብቆበታል። ነጠላዋን ተከናንባ ጥቅሏን በብብቷ ይዛለች። ከጀርባዋ አልጋው ይታያል። የሐር ቀሚሱ በአልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ እጅጌዎቹ ወደ ታች ተስተካክለው፣ አንድ መጨማደድ ሳይኖርበት። ነጩ ጫማ ከአልጋው ሥር ነው።

አቶ ግርማ ብርጭቋቸው ከከንፈራቸው ሳይደርስ አማተቡ። “በስመ አብ! ምነው፣ ማን ሞተ?”

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወደ አልጋው ዞሩ፤ የሚያዩት ቀሚሱን ነው። እማማ ትርንጎ ብቻ ወደ ታች አዩ። ነጩ ጫማ አፍንጫው ወደ ግድግዳው ነበር።

በጓዳው በር መውጣት ትችል ነበር። ማንም አያያትም ነበር። እሷ ግን በሽማግሌዎቹ መሐል አለፈች፤ በእያንዳንዳቸው ፊት እንደ ደንቡ አንገቷን ዝቅ አደረገች። አያቷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወዴት ነሽ፣ ከማን ጋር፣ ማን ይቀበልሽ ይሆን፣ ምን ትበያለሽ፣ ማዕተብሽስ፤ ሁሉም በአንድነት መጣባቸው። ሮማን ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ወስዳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ተርታ አጠገብ አስቀመጠችው። ጥቂት ገፋ አድርጋ አስተካከለችው።

ከዚያም በበሩ ወጣች።